ስለ ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚነገር ትንበያ እንዴት ይመዘናል?

ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኅብረተሰቡን ወዴት እንደሚወስዱት የሚናገር ሰው ዛሬ አይጠፋም። አንዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ከሥራው እንደሚፈናቀል ያስጠነቅቃል፤ ሌላው በሽታና ድካም የሌለበት ዘመን እንደሚመጣ ያበሥራል። ልጁ ምን ቢማር እንደሚሻል የሚያወጣና የሚያወርድ ወላጅ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥርዓት እንዲገዛ ሐሳብ የቀረበለት ኃላፊ፣ ወይም ሙያውን ልለውጥ አልለውጥ እያለ የሚያመነታ ሠራተኛ ግን ለአንደኛው ወገን ከማጨብጨብ ይልቅ የሰማውን ነገር የሚመረምርበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። ትንበያን በጅምላ መቀበልም ሆነ በጅምላ መጣል አይጠቅምም፤ ተበትኖ ክፍል በክፍል ሲታይ ግን የትኛው ክፍሉ ክብደት እንዳለውና የትኛው ገለባ እንደሆነ ይለያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ትንበያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ

የመጀመሪያው ተግባር የሰሙትን ትንበያ በራስ ቃል ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የትኛው ሥራ፣ በምን ዓይነት ቦታ፣ በምን መሣሪያና እስከ መቼ እንደሚለወጥ መናገር አለበት። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሒሳብ ሠራተኞችን ይተካል» የሚለው አባባል ደረሰ ወይም ቀረ ብሎ መፍረድ የማይቻልበት ልቅ ንግግር ነው፤ «በአምስት ዓመት ውስጥ በመካከለኛ ድርጅቶች ከሚመዘገበው ደረሰኝ አብዛኛው ያለ ሰው እጅ ይመዘገባል» የሚለው ግን ቀኑ ሲደርስ ሊፈተሽ ይችላል። የተባለውን ነገር ወደዚህ ቅርጽ ማምጣት ካልተቻለ በበኩሌ ተጨማሪ ጊዜ ባይባክንበት እመርጣለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ከተጻፈ በኋላ ጉዳዩንና ጊዜውን ለየብቻ መመዘን ይገባል፤ በዚህ ዘርፍ ታሪክ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ እምብዛም አልታዩምና። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲና ባልደረቦቹ በ1955 ባቀረቡት የምርምር ዕቅድ፣ በጥንቃቄ የተመረጡ አሥር ያህል ሳይንቲስቶች ለሁለት ወር አብረው ቢሠሩ ማሽኖች እንዲያስቡ በማድረግ ረገድ ጉልህ ዕመርታ ሊገኝ እንደሚችል ጽፈው ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዳርትማውዝ ኮሌጅ የተካሄደው ስብሰባ ዘርፉ የተወለደበት ሆኖ ቢቆጠርም፣ ያሰቡት ዕመርታ አሥርት ዓመታትን ጠይቋል። ኸርበርት ሳይመንና አለን ኒውዌል በ1958 ኮምፒዩተር በአሥር ዓመት ውስጥ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን እንደሚሆን ተነበዩ፤ የአይቢኤም ኩባንያ ሥሪት የሆነው ዲፕ ብሉ የወቅቱን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው በ1997 ነው። የተባለው ነገር ደረሰ፣ ቀነ ገደቡ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳተ። ይኸው ሳይመን በ1965 ማሽኖች በሃያ ዓመት ውስጥ ሰው የሚሠራውን ማንኛውንም ሥራ መሥራት እንደሚችሉ ሲጽፍ ግን ጊዜውም ጉዳዩም አልሠመረለትም። እነዚህ ሰዎች የዘርፉ አባቶች እንጂ ወሬ አራጋቢዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ የተናጋሪው ዕውቀት ለቀነ ገደቡ ዋስትና እንደማይሆን ልብ ይሏል።

ጊዜው የሚዘገይበት አንድ ግልጽ ምክንያት አለ። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለንግድ መሥራት የጀመረው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢሆንም፣ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርታማነት ላይ ጎልቶ የታየው በ1920ዎቹ ነበር። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ እንዳሳየው፣ የፋብሪካ ባለቤቶች መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎቱን ሞተር አውጥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ብቻ ነበር። ትርፉ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ሞተር ሲኖረው፣ ሕንፃው አንድ ፎቅ ሆኖ ሲዘረጋና የሥራው ቅደም ተከተል ሲለወጥ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ትንበያ ሲቀርብ «ይህ መሣሪያ ፍሬ እንዲሰጥ ከእሱ ሌላ ምን መለወጥ አለበት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ከዓረፍተ ነገሩ ሥር መጻፍ ይጠቅማል። የሚለወጡት ነገሮች ሕግ፣ ሥልጠና፣ ሕንፃና ልማድ ከሆኑ ቀነ ገደቡን ማራዘም ያስፈልጋል።

ሙያውን ወደ ተግባራት መበተን

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀውና ከሁሉም በላይ የሚክሰው ይህ ደረጃ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሬይና ማይክል ኦዝቦርን በ2013 ባወጡት ጥናት 702 ሙያዎችን መርምረው፣ በአሜሪካ ካለው የሥራ ስምሪት 47 በመቶው በኮምፒዩተር የመተካት ከፍተኛ ሥጋት እንዳለበት ገመቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ማኅበር ለሆነው ለኦኢሲዲ የተሠራ ሌላ ጥናት 21 አገሮችን ተመልክቶ አማካዩን 9 በመቶ አደረገው። ይህን ያህል የተራራቁት በዋናነት የመለኪያቸው አሃድ ስለሚለያይ ነው፤ የመጀመሪያው ሙያን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ሲወስድ፣ ሁለተኛው በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በእርግጥ የሚሠሯቸውን ተግባራት ቆጠረ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሠራተኞች ቀኑን የሚያሳልፉት በተለያየ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች፣ ማለትም የራጅና የመሳሰሉትን የሕክምና ምስሎች የሚያነቡ ሐኪሞች፣ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በኋላ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ጄፍሪ ሂንተን፣ በ2016 በአንድ መድረክ ላይ የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ማሠልጠን አሁኑኑ መቆም እንዳለበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥም ማሽኑ ከእነሱ የተሻለ እንደሚሆን ተናግሮ ነበር። ምስል አንባቢ ፕሮግራሞች በእርግጥም ተሻሽለው በብዙ ሆስፒታሎች አገልግሎት ላይ ውለዋል፤ ሐኪሞቹ ግን አሁንም ይፈለጋሉ። ምስሉን ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል ነው። የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ መወሰን፣ ውጤቱን ከበሽተኛው የቀድሞ ታሪክ ጋር ማገናዘብ፣ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መመካከር፣ በምስል እየተመሩ ናሙና መውሰድና ለተጻፈው ውጤት ፈርሞ ኃላፊነት መውሰድ በዚያ ትንበያ ውስጥ አልተቆጠሩም ነበር።

አንባቢው የራሱን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንዲህ ለመበተን ከፈለገ፣ የአንድ ሙሉ ሳምንት ውሎን በየግማሽ ሰዓቱ ይመዝግብ። የሥራ መደብ መግለጫን ገልብጦ መውሰድ አይበቃም፤ መግለጫው ያልተሟላ ማመልከቻ ይዞ የመጣን ሰው ማስረዳት፣ የሥራ ባልደረባን ስሕተት በዝምታ ማረም፣ የጠፋ ፋይል መፈለግ የመሳሰሉትን አይጽፍም። ዝርዝሩ ሲሞላ በእያንዳንዱ ተግባር ላይ አራት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ለሥራው የሚያስፈልገው መረጃ በኮምፒዩተር ውስጥ ይገኛል ወይስ በሰው ጭንቅላትና በወረቀት ላይ ነው? ስሕተት ቢፈጠር ቶሎ ይታያልን፣ ጉዳቱስ ቀላል ነው? ሥራው ዛሬም ነገም በተመሳሳይ ሁኔታ ይደገማል ወይስ በየጊዜው ያልታሰበ ነገር ይገጥመዋል? ለውጤቱ በስሙ የሚጠየቅ ሰው በሕግ ወይም በልማድ ያስፈልጋል? መረጃው በኮምፒዩተር ያለ፣ ስሕተቱ ቶሎ የሚታይ፣ የሚደጋገምና የግል ፊርማ የማይጠይቅ ተግባር በቅርቡ ወደ ማሽን ቢሄድ ሊያስገርም አይገባም። ከአራቱ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ የሚያደናቅፍ ተግባር ከሰው እጅ ቶሎ አይወጣም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተግባር ከሳምንቱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ይደመር፤ የሙያው መታወቂያ ተደርጎ የሚታየው ሥራ ከጠቅላላው ሰዓት ያነሰ ድርሻ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ የስሌት ግድፈት አለ። ከተግባራቱ ሲሶው ወደ ማሽን ከሄደ ከሠራተኞቹም ሲሶው ይቀነሳል ማለት አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ጄምስ ቤሰን እንደጻፈው፣ በአሜሪካ ከተሞች አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በ1988 በአማካይ ወደ 20 ገንዘብ ከፋዮች ይፈልግ ነበር፤ ኤቲኤም ከተስፋፋ በኋላ በ2004 ቁጥሩ ወደ 13 ወረደ። ነገር ግን ቅርንጫፍ መክፈት ስለ ረከሰ ባንኮች ብዙ አዳዲስ ቅርንጫፎችን ከፈቱ፣ የገንዘብ ከፋዮች ጠቅላላ ቁጥርም በዚያ ዘመን አልቀነሰም። ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው ማሽን ሥራ አያጠፋም ለማለት የሚጠቀሙበት ሰዎች ቀጣዩን ምዕራፍ ይዘሉታል፤ የባንክ አገልግሎት ወደ ስልክ ሲዛወር ደንበኛው ቅርንጫፍ መሄድ ተወ፣ የከፋዮቹም ቁጥር ማሽቆልቆል ጀመረ። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው «አገልግሎቱ ሲረክስ ሰዎች አብዝተው ይፈልጉታል ወይስ የሚበቃቸው መጠን የተወሰነ ነው?» የሚለው ነው። ለሕክምና ምርመራ ያለው ፍላጎት ገና ያልተሟላ ነው፤ የደመወዝ መዝገብ ግን ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ በወር ሁለት ጊዜ የሚያዘጋጀው ድርጅት አይኖርም።

አካል ያለውንና የሌለውን ማሽን መለየት

ሮቦትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ትንፋሽ ቢጠሩም ፍጥነታቸው የተለያየ ነው። የሮቦቲክስ ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ በ1988 እንዳስተዋለው፣ ኮምፒዩተርን አዋቂ ሰው የሚፈተንበትን ዓይነት የማሰብ ፈተና እንዲያልፍ ማድረግ የአንድ ዓመት ሕፃን ያለውን የማየትና የመንቀሳቀስ ችሎታ ከመስጠት ይቀላል። ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት በ1961 በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ ከማቅለጫ የወጡ ትኩስ ብረቶችን ማንሳት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ ዓለም አቀፉ የሮቦቲክስ ፌዴሬሽን እንደሚለው በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች ከ4 ሚሊዮን በላይ ሮቦቶች ይሠሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከተተከሉት ውስጥም ከግማሽ በላይ የሆኑት በቻይና ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ወለሉ ደልዳላ፣ መብራቱ የተመጠነና ዕቃው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ በሚቀርብበት፣ ለእነሱ ተብሎ በተዘጋጀ ሥፍራ ነው። ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም በ2015 ባካሄደው የሮቦት ውድድር ላይ በዓለም ምርጥ ከተባሉት ሮቦቶች ብዙዎቹ በር ሲከፍቱና ፍርስራሽ ሲሻገሩ እየተዘረሩ የወደቁት የተዘጋጀ ፋብሪካ ስላልጠበቃቸው ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መደምደሚያ ብዙዎች ለዘመናት ካሰቡት ተቃራኒ ነው። ደብዳቤ የሚያረቅቀው፣ ሰነድ የሚያጠቃልለውና የፕሮግራም ኮድ የሚጽፈው ሠራተኛ፣ ቧንቧ ከሚጠግነውና በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ከሚዘረጋው ቀድሞ ለውጡ ይነካዋል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ግምት በዓለም ካለው ሥራ 40 በመቶ የሚጠጋው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጋለጠ ነው፤ በበለጸጉት አገሮች ይህ ወደ 60 በመቶ ከፍ ሲል በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ወደ 26 በመቶ ይወርዳል። «የተጋለጠ» ሲባል ግን «የሚጠፋ» ማለት እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ ከተጋለጡት ውስጥ ከፊሉ በመሣሪያው ታግዞ ይበልጥ ሊያድግ የሚችል ነው።

ትርኢትን ከአገልግሎት መለየት

ሮቦት ልብስ ሲያጥፍ ወይም ቡና ሲያፈላ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲመጣ፣ ከመደነቅ በፊት ቪዲዮው በእውነተኛው ፍጥነት የቀረበ መሆኑን፣ ከበስተጀርባ በርቀት የሚያንቀሳቅሰው ሰው እንደሌለ፣ ከስንት ሙከራ በኋላ የተመረጠ እንደሆነና ቦታው አስቀድሞ የተመቻቸ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐቀኛ አምራቾች እነዚህን በቪዲዮው ግርጌ ይጽፏቸዋል።

በትርኢትና በአገልግሎት መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ሹፌር አልባ መኪና ያስተምራል። በ2004 በሞሐቬ በረሃ በተካሄደው የዳርፓ ውድድር ከተሳተፉት መኪኖች አንዱም መንገዱን አልጨረሰም፤ የተሻለው እንኳ ከ240 ኪሎ ሜትር ገደማ 12 ያህሉን ብቻ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት አምስት መኪኖች የውድድሩን መንገድ ጨረሱ፣ ብዙ ሰዎችም ነገሩ አለቀ አሉ። ሆኖም ያለ ሹፌር ለሕዝብ የሚሠራ የታክሲ አገልግሎት በአሜሪካዋ ፊኒክስ ከተማ በሰፊው የተከፈተው በ2020 ነው። በመሐል ያሉት አሥራ አምስት ዓመታት ያለቁት እምብዛም በማይከሰቱ ነገር ግን ገዳይ በሆኑ ሁኔታዎች ላይ ነው። አንድ ማሽን ከመቶ ጊዜ ዘጠና አምስቱን በትክክል ከሠራ ለትርኢት ይበቃል፤ የሰው ሕይወት ወይም ንብረት በሚነካ ሥራ ግን ቀሪዎቹ አምስቱ ከዘጠና አምስቱ የበለጠ ድካም ይጠይቃሉ።

በማን ላይ እንደሚሳሳት መፈተሽ

ሻጭ ሁልጊዜ የሚያቀርበው አማካይ ቁጥር ነው፤ አማካይ ቁጥር ደግሞ ጉዳቱ በማን ላይ እንደተከመረ ይሸፍናል። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ገበያ ላይ የነበሩ ሦስት የፊት መለያ ሥርዓቶች ፆታን ሲለዩ ምን ያህል እንደሚሳሳቱ መረመሩ። ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን በአንደኛው ሥርዓት እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። አንድ ኩባንያ የሥራ አመልካቾችን ለመምረጥ የሠራው ፕሮግራም ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች ባስገቧቸው የቀድሞ ማመልከቻዎች ስለ ሠለጠነ፣ ሴት መሆንን የሚጠቁሙ ቃላትን ሲያይ ነጥብ ይቀንስ ነበር፤ ጉዳዩ በ2018 ይፋ ሲሆን ኩባንያው ቀድሞውኑ ፕሮግራሙን ትቶት ነበር።

ስለዚህ ገዥ የሆነ ድርጅት በሻጩ ምሳሌዎች ብቻ መርካት የለበትም። ትክክለኛ መልሳቸው የታወቀ ጉዳዮችን ከራሱ መዝገብ ያውጣ፤ ከእነሱ ውስጥ አስቸጋሪዎቹንና የአናሳ ቡድኖችን ጉዳዮች ሆን ብሎ ያካትት፤ ከዚያም ስሕተቱን በጠቅላላው ሳይሆን በየቡድኑና በየዓይነቱ ይቁጠር። የማይገባውን መፍቀድና የሚገባውን መከልከል እኩል ጉዳት የላቸውም፤ የትኛው እንደሚከብድ ደግሞ ለሻጩ የሚተው ውሳኔ አይደለም።

ተጠያቂውን በስም ማወቅ

በ2024 አንድ የካናዳ የዳኝነት አካል ኤር ካናዳ የተባለው አየር መንገድ በቻትቦቱ (ከደንበኛ ጋር በጽሑፍ በሚነጋገር ፕሮግራሙ) አማካይነት ለደንበኛ ለሰጠው የተሳሳተ መረጃ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ፤ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ ያህል የቀረበው መከራከሪያ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ በፊት በ2023 በኒው ዮርክ፣ ቻትጂፒቲ የተባለው ጽሑፍ የሚያመነጭ ፕሮግራም የፈጠራቸውን፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት ያቀረቡ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በሁለቱም ጉዳዮች ፍርዱ ያረፈው በማሽኑ በተጠቀመው ወገን ላይ ነው። በ2024 የጸናውና በየደረጃው ተግባራዊ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም ሥርዓቶችን ሊያደርሱ በሚችሉት የጉዳት መጠን ይመድባል፤ ሰዎችን በማኅበራዊ ባሕርያቸው ነጥብ እየሰጡ መመደብንና ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በሥራና በትምህርት ቤት የሰዎችን ስሜት መለየትን ይከለክላል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ማሽኑ ሲሳሳት ማን እንደሚከፍል፣ ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የተወሰነው ነገር በምን መዝገብ እንደሚቀመጥና የተጎዳው ሰው አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ መመለስ አለበት። «ሰው ይቆጣጠረዋል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ተቆጣጣሪው በቀን ስንት ውሳኔ እንደሚያይና ለእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ እንደተመደበለት ካልታወቀ፣ ቁጥጥሩ ከማኅተም መምታት ላይለይ ይችላል።

ጥቅሙና ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ መከተል

ከ5,000 በላይ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ላይ የተደረገና በ2023 የወጣ ጥናት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዙት ምርታማነታቸው በአማካይ በ14 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ጀማሪዎቹ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሻሻሉ ልምድ ያላቸው ያገኙት ጥቂት ነው፤ ፕሮግራሙ የነባሮቹን ብልሃት ለአዲሶቹ አቀበለ ማለት ነው። ይህ ለጀማሪ መልካም ዜና ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። አሠሪው ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ሥራ በሙሉ ለማሽን ከሰጠ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነባር የሚባለው ሠራተኛ ከየት ይመጣል? በእኔ ግምት ከጅምላ ሥራ አጥነት ይልቅ በቅርብ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ የሙያ መሰላል የመጀመሪያው እርከን መሰበሩ ነው። ስለዚህ ሙያ የሚመርጥ ወጣት «ይህ ሙያ ይኖራል?» ከሚለው በተጨማሪ «ጀማሪ ሆኜ ማን ይቀበለኛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ጉዳቱ በቦታም ይከማቻል። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ ከ1990 እስከ 2007 ያለውን የአሜሪካ መረጃ ተንትነው፣ በአንድ ሺህ ሠራተኞች አንድ ሮቦት ሲጨመር ደመወዝ በ0.42 በመቶ፣ ከሕዝቡ ሥራ ያለው ድርሻም በ0.2 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። በአገር ደረጃ ትንሽ የሚመስለው ይህ ቁጥር የመኪና ፋብሪካ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ይከብዳል፤ በመሆኑም የአገር አማካይ የያዘ ትንበያ ሲቀርብ የራስን ዘርፍና አካባቢ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ውሳኔ መድረስ

ምርመራው ሲያልቅ የቀሩትን ውሳኔዎች ሊቀለበሱ በሚችሉና በማይችሉ መክፈል ይበጃል። አጭር ሥልጠና መውሰድ፣ መሣሪያውን በአንድ ክፍል ለተወሰኑ ወራት መሞከር፣ ከነባሩ አሠራር ጋር ጎን ለጎን ማካሄድ ቢሳሳቱ የሚያስከፍሉት ጥቂት ስለሆነ፣ ትንበያው ግማሽ ብቻ አሳማኝ ቢሆንም ሊደረጉ ይችላሉ። ነባር ሠራተኞችን ማሰናበት፣ የወረቀት መዝገብን ማስወገድ ወይም የጀመሩትን ትምህርት ማቋረጥ ግን በትርኢት ሳይሆን ከራስ ጋር በሚመሳሰል ቦታ ቢያንስ አንድ ዓመት በሠራ አገልግሎት ላይ ቢመሠረት ይሻላል። መጀመሪያ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ ይቀመጥ፤ ከሥሩም ምን ቢታይ ሐሳብን እንደሚያስለውጥ ይጻፍ፣ ለምሳሌ «ሁለት ተመሳሳይ ድርጅቶች ይህን ሥራ ያለ ሰው ካከናወኑ» ወይም «የስሕተቱ መጠን ከእኛ ሠራተኞች ካነሰ» የሚል። በየስድስት ወሩ ወረቀቱን አውጥቶ የተሟላውን ነጥብ ማመልከትና ያልተሟላውን ለቀጣዩ ቀን ማሳደር በቂ ነው።